ከንጹሕ ወጥ ቤት የወጣ ሕመም

በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆኜ ከመረመርኋቸው የምግብ መመረዝ ክስተቶች መካከል ይህን ለይቼ የምጽፈው፣ ሕመሙ የወጣው በከተማችን በንጽሕናው ከሚመሰገን ምግብ ቤት ስለነበር ነው። ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ ሠራተኞቹ ነጭ ጋዎን የለበሱና ጸጉራቸውን የሸፈኑ፣ ከእጅ መታጠቢያው ሳሙና የማይጠፋበት ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ሰው ሲያሳምም መርማሪ ግራ ይጋባል፤ ዓይናችን ቆሻሻ ፍለጋ የለመደ ነውና። ያየሁት ነገር አዲስ ለተመደቡ ባልደረቦቼና ብዙ ሰው ለሚመግቡ ወጥ ቤቶች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የቤቱንም የከተማውንም ስም አልጠራም።

ለመምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ረቡዕ ቀን ምሳ በቡፌ ቀረበ። በአንድ ወገን የፍስክ፣ በሌላ ወገን የጾም ምግብ ተደርድሯል። የዚያን ዕለት ምሽት የጤና ጣቢያው ተረኛ ነርስ ደወለችልኝ፤ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ይዟቸው የሚመጡ መምህራን እየበዙ ነው አለች። በአገራችን ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት ተቅማጥ ሲይዘው መጀመሪያ የሚታሰበው አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ነው፤ አንዱ መንሥኤው ኮሌራ ነውና መታሰብም አለበት። ኮሌራ ሲጠረጠር ጤና ተቋሙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ማረጋገጫ ሳንጠብቅ ሪፖርቱ እንዲተላለፍ አደረግን። ነርሷንም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ከጥቂት ሕሙማን የሰገራ ናሙና ወስዳ፣ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ባክቴሪያውን በሕይወት በሚያቆየው በካሪ ብሌር ማጓጓዣ እንድታስቀምጥልኝ ለመንኋት። መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ጊዜ የሚነግረን ነገር የለም። ለሕሙማኑ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከሁሉ የሚበልጠው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነበር፤ ኦ አር ኤስ በበቂ መጠን ተዘጋጀ።

ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቅኋት። ትኩሳት አላቸው? ያስመልሳቸዋል? ሕመሙ የጀመራቸው ስንት ሰዓት ነው? ትኩሳት እንደሌላቸው፣ ያስመለሳቸው በጣም ጥቂቶች እንደሆኑ፣ አብዛኞቹ ውኃ የመሰለ ተቅማጥና ብርቱ ቁርጠት እንዳለባቸው ነገረችኝ። እነዚህ ሦስት መልሶች ላቦራቶሪው ሥራ ሳይጀምር ተጠርጣሪውን ያጠብቡታል። ብዙ ጊዜ ከአብሳይ እጅና ቁስል ወደ ምግብ የሚገባው የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ባክቴሪያ መርዝ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሣል፤ ዋና ምልክቱም ማስመለስ ነው። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ እርሱም በብዛት ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ትኩሳትም ያስከትላል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ትኩሳትና ማስመለስ እምብዛም የሉትም፤ በአብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። የነርሷ ገለጻ ወደዚህ የመጨረሻው ያዘነብል ነበር።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን በሰዓት ላይ የቆመ ነው፤ በሰዓት ጉዳይ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን መርማሪዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ምሳው የቀረበው 7 ሰዓት ላይ ነው። አንዲት መምህርት ቁርጠቱ የጀመራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በመካከሉ ስምንት ሰዓት አለ ማለት ነው። በሕክምና ካርዷ ላይ የተጻፈው ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር «9:00» የሚል ነበር። ያን ዘጠኝ የቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ሁለት ሰዓት ብቻ ያደርገዋል። በዚህች አንዲት ንባብ ጥርጣሬው ከወጥ ድስት ተነሥቶ በወጥ ሠሪዋ እጅ ላይ ወዳለ ቁስል ይዞራል። ሌሊቱም እንዲሁ ያደናግራል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የታመመ ሰው አንዱ «ረቡዕ ሌሊት» ሲል ሌላው «ለሐሙስ አጥቢያ» ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኛ በመጠይቁ ላይ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት የሚል ምልክት እንዲደረግ አደረግን። ሰዓቱን ለማያስታውስ ሰው ደግሞ «እራት ከበሉ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ተኝተው ነበር ወይስ ገና አልተኙም?» እያልን ጠየቅን። የተመለሰልንን ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ከጻፍን በኋላ በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደታመመ ስንደረድር፣ ከምሽት ተነሥቶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከፍ ያለና እስከ ማለዳ የጠፋ አንድ ጉብታ ብቻ ወጣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአንድ ምንጭ እንደወሰዱት የሚያሳይ ቅርጽ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ በቀጣዮቹ ቀናት ሌላ ጉብታ እንጠብቅ ነበር።

ቀጥሎ የሠልጣኞቹ ዝርዝር ያስፈልገን ነበር። ሥልጠናው አበል የሚከፈልበት ስለሆነ የፊርማ መዝገቡ የተሟላ ነበር፤ ይህ ለመርማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ምክንያቱም ያልታመሙትንም ማግኘት ያስችላል። በየቦታው የማየው ችግር የታመመውን ብቻ መጠየቅ ነው። «ምን በላህ?» ይባላል፣ አብዛኛው ሰው የጠራው ምግብ ጥፋተኛ ይደረጋል። ይህ አካሄድ ለምን እንደሚያሳስት ለማስረዳት በመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) ሥልጠና ዘወትር የሚቀርብ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1940 በኒው ዮርክ ግዛት በኦስዌጎ አውራጃ በቤተ ክርስቲያን የተዘጋጀ እራት የበሉ ሰዎች ታመሙ። መርማሪዎቹ 75 ሰዎችን አነጋገሩ፤ 46ቱ ታመው ነበር። ከታመሙት 29ኙ የአሳማ ሥጋ በልተዋል። ከግማሽ በላይ ናቸውና ሥጋውን መወንጀል ቀላል ነበር። ነገር ግን ሥጋውን ከበሉት 46 ሰዎች የታመሙት 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልበሉት 29 ሰዎችም 59 በመቶ ታመዋል። በልቶም ሳይበላም እኩል ከታመመ ሥጋው ምን አደረገ? ወደ ቫኒላ አይስክሬሙ ሲመጡ ግን ከበሉት 54 ሰዎች 43ቱ ታመዋል፤ ካልበሉት 21 ሰዎች የታመሙት 3 ብቻ ናቸው። ሰማንያ በመቶ ከአሥራ አራት በመቶ ጋር ሲተያይ ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። ይህ ሊታይ የቻለው ጤነኞቹም ስለተጠየቁ ነው።

በእኛም ዘንድ ሁሉም የሚከሰው ሰላጣውን ነበር። በዚያ ሳምንት የቧንቧ ውኃ ተቋርጦ ስለነበር «በቦቴ ውኃ ያጠቡት ሰላጣ ነው» የሚለው ወሬ እኛ ከመድረሳችን በፊት ከተማውን አዳርሶታል። ከታመሙትም አብዛኞቹ ሰላጣ በልተዋል። ዕለቱ ግን ረቡዕ ነው፤ በዓለ ሃምሳም አልነበረም። ስለዚህ የሚጾሙት ኦርቶዶክሳውያን ከጾሙ ወገን ነበር የበሉት። ሙስሊም መምህራንም ሥጋው የክርስቲያን እርድ ስለሆነ ከዚያው ወገን አንሥተዋል። ሰላጣው፣ እንጀራው፣ የመጠጥ ውኃው ለሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ ከአንድ ሳህንና ከአንድ ጆግ ነው የተቀዳው። ከፍስኩ ወገን የበሉት ከግማሽ በላይ ሲታመሙ፣ ከጾሙ ወገን የበሉት ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም ደኅና አደሩ። የረቡዕ ጾም እኛ ልናሰናዳው የማንችለውን ንጽጽር ሠርቶ አስረከበን። ከፍስኩ ወገን ደግሞ ምንቸት አብሽ የበሉትንና ጥብስ ብቻ የበሉትን ስንለይ ሕመሙ ምንቸት አብሹን ተከትሎ ሄደ።

ከጾሙ ወገን በላን ብለው የታመሙት ጥቂቶች ግን አሳሰቡኝ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ከሠንጠረዡ ዳር ትቶ ማለፍ አይገባም። መጀመሪያ ያነጋገርናቸው በሥልጠናው አዳራሽ፣ ባልደረቦቻቸው በተቀመጡበት ነበር። ጾም የገደፈ ሰው ይህን በወዳጆቹ ፊት እንዲናገር መጠበቅ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ለየብቻ፣ በር ዘግተን፣ ስማቸው በሪፖርቱ እንደማይጻፍ ነግረን እንደገና ጠየቅናቸው። «ሥጋ በልተዋል?» አላልንም፤ የቡፌውን ዕቃ በአሰላለፉ ቅደም ተከተል እየጠራን «ከዚህ ሳህንዎ ላይ ነበር?» አልን። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ከምንቸት አብሹ መቅመሱን ነገረኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ሌላዋ መምህርት ደግሞ የምስር ወጡ ጭልፋ ጠፍቶ አስተናጋጁ ከምንቸት አብሹ ያወጣውን ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ሲከተው ማየቷን አስታወሰች። የአንድ ሰው ሕመም ግን ምንም ሳይገለጥልን ቀረ። በኦስዌጎም አይስክሬም ሳይበሉ የታመሙ ነበሩ፤ በእንዲህ ያለ ሥራ ጥቂት የማይገለጥ ነገር መቅረቱ የተለመደ ነው።

ወደ ወጥ ቤቱ የሄድሁት ይህን ይዤ ነው። ባለቤቱ በደግነት «ቤቱን በሙሉ በበረኪና አጥበን እንጠብቃችሁ» ብሎ ነበር፤ ምንም እንዳይታጠብ ለመንሁት። ሆኖም የምንቸት አብሹ ድስት አስቀድሞ ታጥቧል፤ ወጡም እስከ መጨረሻው ተበልቶ አልቋል። ከምግቡ ናሙና ማግኘት አልተቻለም። የቀረን ወጥ ሠሪዋን ማነጋገር ነበር፤ ከሁሉም የከበደው ሥራ እርሱ ነው።

ወጥ ሠሪዋ በዕድሜ የገፉ፣ በሙያቸው የታወቁ ሴት ናቸው። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው መጥቶ «ምን ጨምረሽበት ነው?» ብሏቸው ስለነበር እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያስፈራራ መርማሪ እውነቱን ራሱ ይደብቀዋል። በኒው ዮርክ ሜሪ ማለን የተባለች ወጥ ሠሪ ሳትታመም የታይፎይድ ተሸካሚ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲደረስበት በግድ ተይዛ በደሴት ተገለለች። በ1910 ዳግም ላታበስል ተስማምታ ብትለቀቅም፣ በ1915 በሐሰት ስም በወሊድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ ተገኘች። በዚያም ሃያ አምስት ያህል ሰዎች ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። እንጀራዋን የነጠቃት ምርመራ የሚተካከል ሌላ እንጀራ አልሰጣትም ነበርና ተደበቀች።

አጠገባቸው በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁና «እትዬ፣ ጥፋተኛ ልፈልግ አልመጣሁም። ማክሰኞ ዕለት ከገበያ ጀምሮ የሠሩትን በተራ በተራ ያጫውቱኝ» አልኋቸው። መጀመሪያ በቁጥብነት፣ ኋላ ልባቸው እየተከፈተ ተናገሩ።

«ረቡዕ ጠዋት መብራት ይጠፋል ተብሎ ስለተነገረን ማክሰኞ ማታ ነው ጨርሼ ያወጣሁት፣ ልጄ። በደንብ በስሏል፤ እኔ ያልበሰለ አላወጣም። ከድኜ ጥግ ላይ አኖርሁት። ያን የሚያህል ድስት ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ትኩስ ነገርም ፍሪጁን ያበላሻል። በማግሥቱ መብራቱ ደከም ብሎ ሲመጣ ለብ አድርጌ ወደ ማሞቂያው ገለበጥሁት፤ እዚያ ይሞቃል ብዬ።»

በንግግራቸው ውስጥ ስንፍናም ቸልታም የለም። እጃቸው ንጹሕ ነው፣ ሥጋው ትኩስ ነው፣ ወጡ በስሏል። ይሁን እንጂ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ በጥሬ ሥጋና በቅመም ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖም የወጥ መፍላትን ያልፋል። መፍላቱ ሌሎችን ተወዳዳሪ ተሕዋስያን ይገድልለታል፣ ከወጡ ውስጥ አየር ያስወጣለታል፤ እርሱ ደግሞ ያለ አየር የሚራባ ነው። ድስቱ ተከድኖ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱን ጥሎ መራባት ይጀምራል። በተለይ ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቁጥሩ በአሥር ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። እንደ ምንቸት አብሽ ያለ ወፍራም ወጥ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያድር ሌሊቱን ሙሉ አመቺ ማሳ ይሆነዋል። ጠዋት እስኪፈላ ቢሞቅ ኖሮ የተራባው ይሞት ነበር፤ ለብ ማድረግ ግን አይነካውም። የቡፌ ማሞቂያውም የሞቀን ምግብ ሙቀቱን ለማስጠበቅ የተሠራ ነው፤ ቀዝቃዛን ምግብ የማሞቅ ኃይል የለውም። የተበላው ባክቴሪያ አንጀት ከደረሰ በኋላ መርዙን እዚያው ያመነጫል፤ ሰዎቹ የታመሙት ወዲያው ሳይሆን ምሽት ላይ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ግምት ብቻ እንዳይሆን በሌላ ቀን በዚያው ድስት፣ በዚያው መጠን ወጥ አሠርተን እንደ ልማዳቸው ከድነን አሳደርነውና መሐሉን በቴርሞሜትር ለካን። ዳር ዳሩ ቀዝቅዞ ሳለ መሐሉ ጎሕ ሲቀድም ገና ሙቅ ነበር። ወጥ ሠሪዋ ንባቡን ራሳቸው አዩ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ስለ ቴርሞሜትር አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው ትክክል መሆኑን የምንፈትነው በረዶ በተቀላቀለበት ውኃ ነው፤ 0 ማንበብ አለበት። በሚፈላ ውኃ ፈትኖ 100 የሚጠብቅ የደጋ ሰው ጥሩውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ በሰገራው ውስጥ ኮሌራም፣ ሳልሞኔላም፣ ሺጌላ የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያም አልተገኘም። ፐርፍሪንጀንስን ለማረጋገጥ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ያህል መኖሩን በቁጥር ማሳየት፣ ወይም በተረፈው ምግብ ውስጥ በአንድ ግራም ከመቶ ሺህ በላይ ማግኘት ያስፈልጋል። ያለ አየር የማሳደጊያ መሣሪያ በእጃችን አልነበረም፤ ምግቡም አልቋል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ «ተረጋግጧል» ብለን አልጻፍንም። የሕመሙ ምልክት፣ ጊዜው፣ የተበላው ምግብና የአበሳሰሉ ሁኔታ በአንድነት ወደ ፐርፍሪንጀንስ እንደሚያመለክቱ ጻፍን። ከአለቆች አንዱ ጠንከር ያለ ቃል ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ያልተረጋገጠን ነገር ተረጋገጠ የሚል ሪፖርት ቀጣዩን መርማሪ ያሳስታል ብዬ ጸናሁ።

ቤቱ ይታሸግ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። አልደገፍሁትም። ምንጩ ተበልቶ አልቋል፤ በሽታው ከዚያ ወዲያ አልተዛመተም። የታሸገ በር ወጥ የማቀዝቀዝ ሥራ አያስተምርም። በምትኩ ቤቱ በክትትል ሥር ሆኖ እንዲያስተካክል ተወሰነ። ለቡፌ የሚሆን የሥጋ ወጥ በዋዜማው መሠራቱ ቀርቶ በዕለቱ ሌሊት እንዲጀመር፣ ለመብራት መቋረጥም የጋዝ ምድጃ እንዲዘጋጅ ተስማማን። በዋዜማው ማብሰል ግድ ከሆነ ወጡ ከትልቁ ድስት ወጥቶ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር በማያልፍ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪዎች ይገለበጣል፤ ከ57 ዲግሪ ወደ 21 በሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በተጨማሪ አራት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ትሪውን ቀዝቃዛ ውኃና በረዶ በያዘ ሰፊ ገንዳ ላይ አስቀምጦ ማማሰል ይህን በእጅጉ ያፋጥነዋል፤ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ወደ ፍሪጅ ይገባል። ሲሞቅ እየተማሰለ እስኪፈላ ድረስ ይሞቃል። ማሞቂያው ላይ ሲቀመጥ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይለካል። ለእያንዳንዱ ወጥ የራሱ ጭልፋ ይኖረዋል። ባለቤቱ ትሪዎቹንና ቴርሞሜትሩን ሳይውል ሳያድር ገዛ። ወጥ ሠሪዋም ሥራቸውን አላጡም፤ ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች የማቀዝቀዙን ነገር የሚያሳዩት እርሳቸው ሆኑ።

ይህ ነገር ምግብ ቤት ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። በሰርግና በተዝካር የምንሠራው ድስት ከዚያ ይበልጣል፤ ዋዜማውን የሚያድር ወጥም የተለመደ ነው። ትልቁን ድስት ሌሊቱን ከማሳደር ይልቅ ዶሮውንና ሥጋውን በዕለቱ መሥራት፣ በዋዜማው ቁሌቱን ብቻ አድርሶ ማሳደር ይቻላል፤ ሥጋ ያልገባበት ቁሌትም ቢሆን በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ቢቀዘቅዝ፣ ሲነጋም በደንብ ቢፈላ መልካም ነው።

ከአንድ ማዕድ የበላችሁ ሰዎች አብራችሁ ከታመማችሁ፣ ቀላል ነው ብላችሁ አትተዉት። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ኦ አር ኤስ ቶሎ ጀምሩ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ራስን የሚያስት ድካም ካለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የተረፈውን ምግብ አትጣሉ፤ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ በፍሪጅ አስቀምጡት፤ በረዶ እንዲሠራ ግን አታድርጉት፣ ፐርፍሪንጀንስ በበረዶ ውስጥ ስለሚሞት ምርመራው ይሳሳታል። የበላችሁትንና የታመማችሁበትን ሰዓት ሳይረሳ መዝግቡ፤ ያልታመሙትንም ስም አብራችሁ ያዙ። ከዚያ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፣ ወይም በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ደውሉ።